የአጠውልግ በሽታና የዕፅዋት ኳራንቲን

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ

ተክል ውሃ ሲያጣ እንደሚጠወልግ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ነገር ግን ዝናሙ በሚገባ ዘንቦ፣ መሬቱም ርሶ ሳለ፣ በአንድ ጓሮ ካሉት ተክሎች መካከል አንዱ ብቻ ቅጠሉን ጥሎ ቢጠወልግ ምክንያቱ ምን ሊሆን ይችላል? ውሃ በሥሩ ዙሪያ ሞልቶ ሳለ ተክሉ በጥም የሚሞትበት አንድ ዐይነት በሽታ አለ። ይህም በባክቴሪያ የሚመጣው የአጠውልግ በሽታ ነው። በአገራችን እንሰትን፣ ሙዝን፣ ድንችንና ዝንጅብልን የሚያጠቃ ሲሆን፣ ተክሉን አንድ ጊዜ ከያዘው በኋላ የሚያድነው መድኃኒት እስከ ዛሬ ድረስ አልተገኘለትም። መድኃኒት የሌለውን በሽታ ደግሞ ሳይመጣ መከልከል እንጂ ከመጣ በኋላ ማባረር እጅግ አስቸጋሪ ነው። ይህ የመከልከል ሥራ የዕፅዋት ኳራንቲን ይባላል። ኳራንቲንም በዘፈቀደ የሚፈጸም ሳይሆን፣ አደጋው ምን ያህል እንደ ሆነ አስቀድሞ በመመዘን የሚሠራ ጥበብ ነው። በዚህ ጽሑፍ በሽታው ምን እንደ ሆነ፣ አደጋውም እንዴት እንደሚመዘን፣ ከእኛም ምን እንደሚጠበቅ በተቻለኝ መጠን ለማስረዳት እሞክራለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

፩. በሽታው ተክሉን የሚገድለው እንዴት ነው?

በሥነ ሕይወት ትምህርታችን እንደ ተማርነው፣ ተክል ውሃን ከሥሩ ወደ ቅጠሉ የሚያወጣው ዛይለም በሚባሉ እጅግ ቀጫጭን ቧንቧዎች አማካይነት ነው። የአጠውልግ ባክቴሪያዎች ወደ ተክሉ ከገቡ በኋላ የሚሰፍሩት በእነዚሁ ቧንቧዎች ውስጥ ነው። በዚያም ይራባሉ፤ ሲራቡም ንፍጥ የመሰለ ዝልግልግ ነገር ያመነጫሉ። ቧንቧው በዚህ ዝልግልግ ነገርና በባክቴሪያዎቹ ብዛት ይደፈናል። ከሥር የተነሣው ውሃ ወደ ላይ ማለፍ ስለሚሳነው ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ቀስ በቀስም ተክሉ በሙሉ ይወድቃል።

አንዳንድ የሻጋታ ዘር የተክልን ጤናማ ቆዳ በራሱ ኃይል በስቶ ይገባል። ባክቴሪያ ግን ይህን ለማድረግ አይችልም። መግቢያው በተፈጥሮ ያለ ቀዳዳ ወይም ቁስል ነው፤ ይኸውም ቢላዋ የቆረጠው፣ ትል የበላው፣ ፍልፈል የቦረቦረው፣ ወይም በኩትኳቶ ጊዜ የተጎዳ ሥር ማለት ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ወደ ፊት የምንናገረው የኳራንቲን ነገር የሚያርፈው በዚህ ላይ ነውና።

በሽታውን ከሚያመጡት ባክቴሪያዎች መካከል ለእኛ አገር ዋነኞቹ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው እንሰትንና ሙዝን የሚያጠቃው ዛንቶሞናስ ቫሲኮላ ፓቶቫር ሙሳሴያረም ነው። ሁለተኛው ድንችን፣ ቲማቲምን፣ ቃሪያንና ትንባሆን የሚያጠቃው ራልስቶኒያ ሶላናሲያረም ነው፤ ዝንጅብልንም የሚያጠወልገው ከዚሁ ወገን የሆነ ባክቴሪያ ነው። የራልስቶኒያ ወገን ከ200 በላይ በሆኑ የተክል ዐይነቶች ላይ ስለሚኖር አንዱን ተክል ቢያጣ በሌላው ላይ ይጠለላል። የእንሰቱ ባክቴሪያ ግን በእርሻ ላይ የሚታወቀው በተለይ በእንሰትና በሙዝ ላይ ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም፣ አንዱን በሰብል ማፈራረቅ ለማዳከም ሲቻል ሌላውን በዚያው መንገድ ለማዳከም እጅግ የሚያስቸግረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ተክሉ የጠወለገው በድርቅ ይሁን በዚህ በሽታ ለመለየት ቀላል ፈተና አለ። የጠወለገውን የድንች አገዳ ከግርጌው ቆርጦ፣ የተቆረጠውን ጫፍ ንጹሕ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ማንጠልጠል ነው። በሽታው ካለ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ከቁራጩ እየወረደ በውሃው ውስጥ ይታያል። በእንሰት ላይ ደግሞ የቅጠሉን እግር ወይም ግንዱን ቆርጦ ጥቂት ቢቆዩ፣ ከቁራጩ ላይ ቢጫ ወይም ነጣ ያለ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣል። ድርቅ ያጠወለገው ወይም ፍልፈል ሥሩን የበላው ተክል ይህን ምልክት አያሳይም። ይህን ፈተና የሚሞክር ተማሪ ግን የቆረጠበትን ቢላዋ ወዲያውኑ በእሳት ማጋል አለበት፤ አለዚያ መርማሪ ነኝ ሲል በሽታ አስተላላፊ ይሆናል።

፪. ስለ እንሰት ይበልጥ የምናስበው ለምንድን ነው?

በአገራችን ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ እንሰትን ዋና ወይም ተጨማሪ ምግቡ አድርጎ ይኖራል። ጉራጌ፣ ሲዳማ፣ ሐዲያ፣ ከምባታ፣ ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጌዴኦና ካፋ በእንሰት ከሚታወቁት አገሮች ጥቂቶቹ ናቸው። ከእርሱ ቆጮና ቡላ ይገኛል፤ አምቾው ተቀቅሎ ይበላል፤ ቃጫው ገመድ ይሆናል፤ ቅጠሉ ለመጠቅለያና ለመጋገሪያ ይውላል። ከዚህም ሁሉ በላይ፣ ዝናም ባጠረ ጊዜ ሌላው እህል ሲጠፋ እንሰት በጓሮ ቆሞ ቤተሰቡን ይጠብቃል።

ይሁን እንጂ እንሰት ለመድረስ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈልጋል፤ በብርዳማ ደጋ ደግሞ ከዚህም ሊዘገይ ይችላል። ጤፉ የጠፋበት ገበሬ ዘር ካገኘ በሚመጣው ክረምት ይዘራል፤ እንሰቱ የሞተበት ግን የሚያጣው የአንድ ዓመት መከር ብቻ አይደለም። ባለፈው ክረምት ወደ ጉራጌ አገር ሄጄ አያቴን ስለዚህ በሽታ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ላም ብትሞት ገንዘብ ካለ ሌላ ላም ከገበያ ትገዛለች፤ የእንሰቴን ዓመት ግን ማን ይሸጥልኛል?» አሉኝ። የአደጋ መመዘን ሊቃውንት «የጉዳት መጠን» ብለው በብዙ ገጽ የሚተነትኑትን ነገር አያቴ በአንድ ጥያቄ ጨረሱት።

የበሽታው ምልክት እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ከመካከል የሚወጣው ለጋ ቅጠል ወይም ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ይገረጣል፤ ጫፉ ይታጠፋል፤ ይጠወልጋል። ቀጥሎ ሌሎቹ ቅጠሎች ይከተላሉ። በመጨረሻም ግንዱ በስብሶ ተክሉ ይወድቃል። ተክሉ ትንሽ ወይም ትልቅ ቢሆን በሽታው አይመርጥም፤ ለመፋቅ አንድ ዓመት የቀረውንም ይገድለዋል።

ስለ ታሪኩ ጥቂት እንናገር። በ1939 ካስቴላኒ የተባለ ጣሊያናዊ የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ በኢትዮጵያ ስላየው የእንሰት መበስበስ ጽፏል። በሽታውን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ለይተው፣ ስም ሰጥተው፣ ለዓለም ያስታወቁት ግን ኢትዮጵያዊው ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባለው ባልደረባቸው በ1968 ነው። እነዚሁ ሁለት ሊቃውንት በ1974 ያው ባክቴሪያ ሙዝንም እንደሚያጠወልግ ገለጹ። ከዚያ በኋላ በሽታው ለብዙ ዘመን በኢትዮጵያ ብቻ የሚታወቅ ሆኖ ቆየ። በ2001 ግን ዩጋንዳ ውስጥ በሙኮኖ አውራጃ በሙዝ ላይ ተገኘ፤ በዚያው ዓመት በኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፑብሊክ ምሥራቃዊ ክፍልም ታየ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ሩዋንዳ፣ ወደ ታንዛንያና ወደ ኬንያ ተዛመተ፤ ቡሩንዲንም አልማረም። ለዩጋንዳ ሰው ሙዝ ማለት ለእኛ እንጀራ ማለት እንደ ሆነ ያወቀ ሰው የደረሰውን ጉዳት ለመገመት አያዳግተውም።

በሙዝ ላይ ነፍሳት የወንዴውን አበባ እየቀሰሙ በሽታውን ከተክል ወደ ተክል ሊያደርሱት ይችላሉ። ነገር ግን አገር አቋርጦ እንዲሄድ የሚያደርገው በአብዛኛው የሰው እጅ ነው፤ ይኸውም የታመመ ችግኝ፣ የተቆረጠ የተክል ክፍልና የቆሸሸ ቢላዋ ነው። መንገዱ የሰው ከሆነ፣ መንገዱን ለመዝጋትም የሚችለው ሰው ነው። ኳራንቲን የሚጀምረውም ከዚህ ላይ ነው።

፫. ኳራንቲን ማለት ምን ማለት ነው?

ቃሉ የመጣው አርባ ከሚለው የጣሊያን ቃል ነው። ወረርሽኝ አውሮፓን ባጠፋበት ዘመን፣ በ1377 ራጉሳ የተባለችው የባሕር ጠረፍ ከተማ፣ በሽታ ካለበት አገር የመጡ ሰዎች ወደ ከተማው ከመግባታቸው በፊት 30 ቀን ተለይተው እንዲቆዩ ደነገገች። በኋላም ቀኑ ወደ 40 ከፍ ስላለ ስሙ በዚያው ጸና።

ኳራንቲን ባይኖር ምን እንደሚደርስ የሀገራችን ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። በ1887 ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የከብት ደስታ በሽታ እንደ ገባ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ከብቱ አለቀ፤ የሚያርስ በሬ ጠፋ፤ ከ1888 እስከ 1892 የዘለቀው ክፉ ቀን ተከተለ። ያ በሽታ የከብት እንጂ የተክል አልነበረም፤ የሚሰጠው ትምህርት ግን አንድ ነው። በአንድ በር በኩል ሳይመረመር ያለፈ ነገር የመላ አገርን ማዕድ ሊያናጋ ይችላል።

ለዕፅዋት ጥበቃ መንግሥታት በ1951 ሮማ ላይ ዓለም አቀፍ ስምምነት አድርገዋል። በኢትዮጵያም የዕፅዋት ጥበቃ ድንጋጌ ቁጥር 56 በ1971 ወጥቷል፤ በ1992 ደግሞ የዕፅዋት ኳራንቲን ደንብ ቁጥር 4 ታውጇል። በእነዚህ ሕጎች መሠረት ከውጭ የሚመጣ ዘርና ችግኝ የጤና የምስክር ወረቀት ይጠየቃል፤ በመግቢያ በሮችም ይመረመራል።

ታዲያ «በሽታን ከፈራን በሩን ሁሉ ለምን አንዘጋውም?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በሩ ሁሉ ቢዘጋ የተሻለ የድንች ዘርም፣ አዲስ የሙዝ ችግኝም አይገባም፤ የእኛም ምርት ወደ ውጭ አይወጣም። በሩ ሁሉ ቢከፈት ደግሞ በሽታው ይገባል። ስለዚህ የትኛው ይለፍ፣ የትኛው ይመርመር፣ የትኛው ይከልከል የሚለውን ለመወሰን ሚዛን ያስፈልጋል።

፬. አደጋው የሚመዘንባቸው አራት ጥያቄዎች

ሊቃውንት የሚጠቀሙበትን ሚዛን አሳጥረን ብናየው በአራት ጥያቄዎች ይጠቃለላል። ለምሳሌ ያህል በሽታው ካለበት ወረዳ ተጭኖ በሽታው ወደሌለበት ወረዳ የሚሄድ የእንሰት ችግኝ እንውሰድ።

1ኛ. በሽታው ከዕቃው ጋር ሊገባ ይችላልን? አዎን። ገበሬ እንሰትን የሚያራባው በፍሬው ሳይሆን ከአምቾው ላይ በሚያወጣው ችግኝ ስለ ሆነ፣ እናቲቱ ታማ እንደ ሆነ ልጆቹም ሊታመሙ ይችላሉ። ከዚህም የሚከፋው፣ ባክቴሪያው በውስጡ ያለበት ችግኝ ለጊዜው ጤነኛ መስሎ መታየቱ ነው።

2ኛ. ከገባ በኋላ ተደላድሎ ሊኖር ይችላልን? አዎን። ችግኙ ራሱ ማደሪያው ነው፤ የሚሄድበትም አገር አየሩ ለእንሰት የተስማማ ስለ ሆነ ለባክቴሪያውም ይስማማዋል።

3ኛ. ከገባበት ቦታ ሊዛመት ይችላልን? አዎን። እንሰት ቅጠሉ ይቆረጣል፤ ከቦታ ወደ ቦታ እየተነቀለ ይዛወራል፤ ሲደርስም በብዙ ሰው እጅ ይፋቃል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ቢላዋው ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው፣ በወንፈል ጊዜም ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ያልፋል።

4ኛ. ቢዛመት ጉዳቱ ምን ያህል ነው? ይህን ከላይ አይተነዋል፤ የብዙ ዓመት ድካምና የቤተሰብ ቀለብ ይጠፋል።

አራቱም ጥያቄዎች «አዎን» እና «ከፍተኛ» የሚል መልስ ስላገኙ ይህ መንገድ እጅግ አደገኛ ነው። አሁን ደግሞ ለማነጻጸር፣ ከዚያው በሽታ ካለበት ወረዳ የሚመጣ ደረቅ የጤፍ እህል እንውሰድ። ጤፍ የዚህ ባክቴሪያ ማደሪያ እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ከእንሰት ቁስል ጋርም የሚያገናኘው ነገር የለም። ስለዚህ ከአንድ ወረዳ መጣ ተብሎ ቢከለከል ጉዳቱ በነጋዴውና በበላተኛው ላይ ብቻ ነው።

በመካከል ያሉም አሉ። ቆጮ ወይም ሌላ ነገር የተጠቀለለበት የእንሰት ቅጠል ለመትከል የመጣ ስላልሆነ ከችግኝ ያነሰ ያስፈራል። ሆኖም ከታመመ ተክል የተቆረጠ እንደ ሆነ ባክቴሪያው በቅጠሉ ውስጥ ይኖራል፤ ቅጠሉ ከገበያ ተመልሶ በእንሰት ጓሮ ቢጣል መንገዱ ይከፈታል። እንግዲህ የሚዛን ጥቅሙ ይህ ነው፤ ችግኙን በጥብቅ ይከለክላል፤ ቅጠሉን በጥንቃቄ ያስይዛል፤ ጤፉን በነጻ ያሳልፋል።

እዚህ ላይ የሂሳብ ትምህርታችን ይረዳናል። የመግባት፣ የመደላደልና የመዛመት ዕድሎች አንዱ ባንዱ ይባዛሉ እንጂ አይደመሩም። ስለዚህ ከሦስቱ አንዱን ወደ ዜሮ ለማቅረብ ከተቻለ ሌሎቹ ምንም ያህል ከፍተኛ ቢሆኑ ውጤቱ ትንሽ ይሆናል። ገበሬው የአየሩን ጠባይ ሊለውጥ አይችልም፤ የቢላዋውን ንጽሕና ግን ሊለውጥ ይችላል።

፭. ዐይቶ ማሳለፍ ብቻውን ስለ ምን አይበቃም?

ብዙ ሰው ኳራንቲን ሲባል አንድ መርማሪ በኬላ ላይ ቆሞ ዕቃ ሲያገላብጥ ብቻ ይመስለዋል። ይህ ምርመራ አስፈላጊ ቢሆንም ምን ያህል እንደሚያስተማምን በቁጥር እንመልከተው።

100 የእንሰት ችግኝ የጫነ መኪና መጣ እንበል። ከመቶዎቹ ውስጥ 2ቱ ታመዋል። መርማሪው ጊዜ ስላጠረው ያለ ምርጫ 10 ችግኝ ብቻ አውጥቶ ይመለከታል። ሁለቱም በሽተኞች ሳይገኙ የማለፋቸው ዕድል ምን ያህል ነው? የመጀመሪያው በሽተኛ ካልታዩት 90ዎቹ ውስጥ የመሆኑ ዕድል 90/100 ነው፤ ሁለተኛውም እንዲሁ ከቀሩት 89 ውስጥ የመሆኑ ዕድል 89/99 ነው። ሁለቱን ስናባዛ 0.81 ያህል እናገኛለን። ይኸውም እንዲህ ያለ ጭነት ከመቶ ጊዜ 81 ጊዜ ያህል ምንም ሳይገኝበት ያልፋል ማለት ነው። መርማሪው ቢያንስ አንዱን በሽተኛ የማግኘት ዕድሉን ወደ 95 ከመቶ ለማድረስ ቢፈልግ ከ100ዎቹ 78ቱን መመልከት ይኖርበታል።

ይህም ስሌት በሽታው በዐይን የሚታይ እንደ ሆነ በመቍጠር ነው። በሽታው ገና ተደብቆ ያለ ከሆነ መቶውንም ቢያገላብጥ አያገኘውም። ስለዚህ አስተማማኝ የሆነው ኳራንቲን ከኬላው በፊት ይጀምራል፤ ችግኙ የተነሣበት ጓሮና እናቲቱ ተክል ጤነኞች መሆናቸውን ከምንጩ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

፮. ከሌሎች አገሮች የምንማረው

ሆላንድ የድንች ዘር ለዓለም በመሸጥ የታወቀች አገር ናት። በ1995 ግን የድንቹ አጠውልግ ባክቴሪያ በእርሻዎቿ ተገኘ። ሲመረመር፣ ባክቴሪያው በቦይና በወንዝ ዳር በሚበቅል ከድንች ዘመድ በሆነ አረም ላይ ተጠልሎ በመስኖ ውሃ ወደ ድንቹ እንደሚደርስ ታወቀ። ስለዚህ በሽታው በተገኘባቸው ቦታዎች ድንችን በቦይ ውሃ ማጠጣት ተከለከለ። የአውሮፓ ኅብረትም በ1998 በሽታውን ለመቆጣጠር መመሪያ አወጣ። በላቦራቶሪ የበለጸገ አገር እንኳ በሽታው የሚመጣበትን መንገድ ሁሉ አስቀድሞ ሳያስብ ሊቀር እንደሚችል ይህ ያሳያል።

በ2003 ደግሞ ከኬንያ ወደ አሜሪካ በተላከ ጄራኒየም በተባለ የአበባ ቁራጭ ላይ ያው የድንች ባክቴሪያ ተገኘ። አበባው ለጌጥ እንጂ ለምግብ አልነበረም፤ ነገር ግን በሽታው ወደ ድንች እርሻ ቢሻገር የሚያመጣው ጉዳት ስላስፈራ ብዙ አበባ እንዲወገድ ተደረገ። አበባ ወደ ውጭ ለምትልከው ለሀገራችንም ይህ ታሪክ የሩቅ ወሬ አይደለም።

የግብፅ ታሪክ ግን ሌላ መልክ አለው። በድንቿ ላይ በሽታው ስለ ተገኘ አውሮፓውያን ፈርተው ነበር። ሆኖም ፈጽሞ ከመከልከል ይልቅ፣ በሽታው እንደሌለባቸው በምርመራ ከተረጋገጡ ቦታዎች፣ በተለይም በበረሃ ላይ አዲስ ከለሙት እርሻዎች የሚመጣው ድንች እንዲገባ ተፈቀደ። በዚህ ዐይነት የአደጋ ሚዛን ለገበሬው ገበያውን ሊያድንለት ይችላል።

በእኛም አገር በ2011ና በ2012 ገደማ የዝንጅብል አጠውልግ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ተነሥቶ ብዙ ገበሬ ዝንጅብል መትከሉን እስከ መተው ደርሶ ነበር። ዝንጅብልም እንደ እንሰት የሚተከለው ከራሱ አካል በተቆረጠ ክፍል ስለ ሆነ፣ ዘር ፍለጋ ከጎረቤት ወረዳ የሚሄድ ሰው ሳያውቅ በሽታውን በከረጢት ይዞ ሊመለስ ይችላል።

፯. በጓሯችን የሚደረግ ኳራንቲን

ከላይ እንዳየነው ኬላው ብቻውን አይበቃም፤ በሁለት ጓሮዎች መካከል ደግሞ ኬላ የለም። በዚያ ቦታ መርማሪው ገበሬው ራሱ፣ ይልቁንም እንሰቱን የሚያዘጋጁት እናቶች ናቸው። የግብርና ባለሙያዎች የሚመክሩት ይህ ነው፦

ሀ) ችግኝን በሽታ ካልታየበት ጓሮ ብቻ መውሰድ፤

ለ) ከአንድ ተክል ወደ ሌላ ሲያልፉ፣ ይልቁንም የተጠረጠረ ተክል ከነኩ በኋላ፣ ቢላዋውንና መቆፈሪያውን በእሳት ማጋል ወይም በረኪና በተጨመረበት ውሃ ማጠብ፤

ሐ) የታመመውን እንሰት ከነአምቾው ነቅሎ ከሌሎቹ ራቅ ባለ ጥልቅ ጉድጓድ መቅበር፤ ለከብት አለመስጠት፤ በመንገድም አለመጣል፤

መ) በተነቀለበት ቦታ ወዲያው እንሰት ወይም ሙዝ ሳይሆን ሌላ ሰብል መትከል፤

ሠ) ከብትና ፍየል ወደ እንሰቱ እንዳይገቡ ማጠር፣ ፍልፈልንና ጃርትን መከላከል፤

ረ) በሽታውን በተሻለ ሁኔታ የሚቋቋሙትን የእንሰት ዐይነቶች መትከል። ከእነዚህም ማዚያ የተባለው በመቋቋም ይታወቃል፤ በወላይታ የሚገኘው የአረካ እርሻ ምርምር ማዕከልም በእንሰት ላይ ሲመራመር የቆየ ተቋም ነው።

በሙዝ ላይ ደግሞ የወንዴውን እምቡጥ ዘለላው ካፈራ በኋላ ማስወገድ ይረዳል። ይህን የዩጋንዳ ገበሬዎች በቢላዋ ፈንታ ባላ ባለው እንጨት ጠምዝዘው ይሰብሩታል፤ እንጨቱ ተክሉን ሳይቆርጥ እምቡጡን ስለሚያወርድ ከቢላዋ የሚመጣው አደጋ ይቀራል።

እነዚህ ምክሮች ሁሉ ርካሽ ናቸው፤ እሳትና በረኪና ከብዙ ቤት አይጠፋም። ታዲያ በሽታው ስለ ምን አልቆመም? አያቴ ዘንድ ሳለሁ የሰማሁት ነገር መልሱን በከፊል ይሰጠኛል። አንዲት እናት እንሰቷ ሲጠወልግ ለጎረቤት ለመናገር ታፍራለች። ስታወራው ቤቷ እንደ ተዋረደ፣ በወንፈልም ቢላዋዋ እንደሚፈራ ይሰማታል። ስለዚህ የጠወለገውን ቅጠል በማታ ቆርጣ ታርቃለች። በሌላ በኩል ጎጆ ለሚወጡ ሙሽሮች ችግኝ መስጠት የቆየ ደግነት ነው፤ የተጠየቀ ሰው «የለኝም» ማለት ነውር ይመስለዋል። በዚህ ዐይነት እፍረትና ደግነት ተባብረው በሽታውን ከጓሮ ወደ ጓሮ ያሻግሩታል።

እኔ ደግነቱ ይቅር አልልም። ነገር ግን ለሙሽሮች የሚሰጠው ችግኝ ከጤነኛ ጓሮ ይሁን፤ የታመመበት ቤት ሲናገር የሚነቀፍ ሳይሆን የሚመሰገን ይሁን፤ እርሱ ያጣውንም ጎረቤት በጤነኛ ችግኝ ይተካለት። የመንደር ሽማግሌዎችና እድሮች ይህን የመሰለ ልማድ ቢያቆሙ፣ አንድ ሰው ስለ መናገሩ ብቻ ቤቱን የሚጎዳበት ምክንያት አይኖርም። በሽታው መኖሩ ካልተነገረ የመግባት ዕድሉን የሚመዝን ሰው ከየት ጀምሮ ይመዝናል?

፰. ማጠቃለያ

እንግዲህ የአጠውልግ በሽታ መድኃኒት የሌለው፣ ለጊዜው የሚደበቅ፣ በቁስል የሚገባና በሰው እጅ የሚጓዝ በሽታ መሆኑን አይተናል። አደጋውም የሚመዘነው በመግባት፣ በመደላደል፣ በመዛመትና በጉዳት መሆኑን ተመልክተናል። የአገር በር የመንግሥት ነው፤ የጓሮ በር ግን የእያንዳንዳችን ነው። በዕረፍት ጊዜ ወደ ገጠር የምንሄድ ተማሪዎች ከዘመዶቻችን ጓሮ ችግኝ ወይም የሙዝ ቁራጭ ይዘን ከመምጣታችን በፊት አራቱን ጥያቄዎች እንጠይቅ። ወላጆቻችንም በወንፈል ቀን ከቤት ወደ ቤት ለሚሄደው ቢላዋ አንድ የእሳት ፍም አጠገቡ እንዲያኖሩ እንለምናቸዋለን።

ለክፍል ጓደኞቼ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. መሬቱ ርሶ ሳለ የታመመው ተክል የሚጠወልገው ስለ ምንድን ነው?

2. 50 ችግኝ ውስጥ 1 በሽተኛ ቢኖርና 10 ችግኝ ቢመረመር፣ በሽተኛው ሳይገኝ የማለፉ ዕድል ምን ያህል ነው?

3. ለዘር የሚሆን ድንችና ተቀቅሎ የሚበላ ድንች ከአንድ እርሻ ቢመጡ፣ የኳራንቲን አደጋቸው አንድ ነውን? በአራቱ ጥያቄዎች መዝናችሁ አስረዱ።

4. በመንደራችሁ ወይም በዘመዶቻችሁ መንደር ችግኝ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ ጠይቃችሁ በወረቀት ላይ በመስመር ሣሉ። በሽታው በአንዱ ቤት ቢነሣ በስንት እጅ ስንት ቤት ይደርሳል?